መድኃኒቱ ከቅጠል ነው፤ ቅጠል ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከመስጊድ ስንወጣ በየደጃፉ የምናየው ነገር አለ። ሚስዋክ፣ ሽቶ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ በተዘረጋበት ጨርቅ ላይ ስምም፣ አድራሻም፣ የተሠራበት ቀንም የሌላቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ሻጩ «ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለኩላሊት፣ ለጨጓራ፣ ለሪህ!» እያለ ይጣራል። አምስት በሽታ በአንድ ጠርሙስ! ስልካችንን ስንከፍት ደግሞ ያው ጠርሙስ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይከተለናል። እዚያ የሚለየው ሐዲስ ተለጥፎበት፣ «ምንም ጉዳት የለውም፣ ተፈጥሯዊ ነው» የሚል ማረጋገጫ ተጽፎበት መምጣቱ ነው።

በዚህ ዙሪያ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሳሉ። የመጀመሪያው «የሐኪም ቤት መድኃኒትም ቢሆን ምንጩ ቅጠል አይደል? ታዲያ በቀጥታ ቅጠሉን ብንወስድ ምን አለበት?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የምንወስደው መድኃኒት ከአሳማ የተሠራ ቢሆንስ?» የሚል ነው። ሦስተኛው «የአያቶቻችንን ዕፅዋት ፈረንጅ እየወሰደ መልሶ ይሸጥልናል» የሚል ቁጭት ነው። ሦስቱም በቁም ነገር ሊመለሱ የሚገባቸው ናቸው። ሦስቱንም የሚያስተሳስር አንድ ነገር አለ። እርሱም መድኃኒት ከተፈጥሮ ወጥቶ ወደ ሰው ገላ እስኪገባ ድረስ በመሃል ላይ ያለውን መንገድ የሚመለከት ነው። ማን ለካው? ማን ፈተነው? ጉዳት ቢያደርስ ማን ይጠየቃል?

ወባው ያስታወሰን ነገር

ጉዳዩን ከቅርቡ እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20/2024 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ወገኖቻችንም ሞተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበረው በ2023 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ሕመምና 527 ሞት ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ጎረቤታችን ግብፅ ከወባ ነጻ መሆኗ የተመሰከረላት በዚያው ኦክቶበር 20/2024 ነው። በአባይ ጫፍ ያሉት ከጥንት ጀምሮ ሲያሰቃያቸው ከነበረው በሽታ ሲሰናበቱ፣ በአባይ ምንጭ ያለነው ግን ወደ ኋላ ተመለስን።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች የኬሚካል ርጭትና የአጎበር ሥርጭት ተቋርጧል፤ ጤና ጣቢያዎች ተዘግተዋል። የአየሩ ሁኔታም ተቀይሯል። በዚህ ላይ አዲስ ትንኝ መጥታለች። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ የታየችው፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘችው ይህች የእስያ ትንኝ እንደ ነባሯ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ እርሷ ምክንያት መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ወባ የቆላ ገበሬ በሽታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የከተማውም ሰው ቤት ገብቷል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የሚሰጠን ኮአርተም ሁለት መድኃኒቶች የተጣመሩበት ነው። ከሁለቱ አንዱ የተገኘው አርቴሚሲያ አኑዋ ከተባለች ቻይና ውስጥ ከምትበቅል ቅጠል ነው። በ1967 የቻይና መንግሥት በጦርነት ላይ የነበረችውን ሰሜን ቬትናምን ለመርዳት የወባ መድኃኒት ፍለጋ ከጀመረ በኋላ ፕሮፌሰር ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ጥንታዊ የሕክምና መጻሕፍትን ማገላበጥ ጀመሩ። ይህችን ቅጠል አግኝተው ሲፈትኗት ግን ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። በኋላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ቅጠሏ በውኃ ተዘፍዝፋ እንደምትጨመቅ የሚናገር ቦታ አገኙ። መፍላት አልተጠቀሰም። ምናልባት ሙቀቱ ይሆን ፈዋሹን ነገር የሚያጠፋው? ብለው ጠየቁ። በዝቅተኛ ሙቀት በሌላ ፈሳሽ አውጥተው ሲሞክሩት በ1971 ተሳካላቸው። ፕሮፌሰር ቱ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛው፣ የአባቶችን ዕውቀት መናቅ ስሕተት ነው። ያ ጥንታዊ መጽሐፍ ባይኖር ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያተረፈው መድኃኒት ባልተገኘ ነበር። ሁለተኛው፣ ዕውቀቱ ብቻውን አልበቃም። ለመድኃኒትነት የበቃው ፈዋሹ ነገር ከቅጠሉ ተለይቶ ወጥቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ጉዳቱ ተጠንቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ ነው።

«ታዲያ ቅጠሉን አፍልተን ብንጠጣስ?»

ይህ ጥያቄ በአፍሪካ ውስጥ በሰፊው ተነስቷል፤ ሻዩን የሚያስተዋውቁም አልጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 ባወጣው መግለጫ የአርቴሚሲያ ሻይም ሆነ የደረቀ ቅጠል ለወባ ሕክምናም ለመከላከያም እንዲውል እንደማይደግፍ አሳውቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈዋሹ ንጥረ ነገር በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው መጠንም እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩና እንደ አደራረቁ ይለያያል። አንዱ ብርጭቆ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ታማሚው ትንሽ ሻል ይለዋል፤ ትኩሳቱ ይበርድለታል፤ ጥገኛ ተሐዋሲው ግን በደሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሞትም። ከቀናት በኋላ ይመለሳል፤ በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ ሲመለስ ደግሞ ይገድላል።

ከዚህ የሚከፋው ጉዳቱ በታማሚው ላይ ብቻ የማይቀር መሆኑ ነው። በትንሽ መጠን የተነካ ግን ያልሞተ ተሐዋሲ መድኃኒቱን ይለምደዋል። በኤርትራ፣ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ለዚህ መድኃኒት የተዳከመ ምላሽ የሚያሳይ ወባ መኖሩ ተረጋግጧል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያም ከዚሁ ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ በተመራማሪዎች ተገኝቷል። ለዚህም ነው መድኃኒቱ ብቻውን እንዳይሰጥ፣ ሁልጊዜ ከሌላ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ የተወሰነው። ኮአርተሙን ሁለት ቀን ውጦ «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቆም ሰውም ሻይ ከሚጠጣው የተሻለ ሥራ አልሠራም። የቀረችውን ፍሬ በመሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ልጅ መድኃኒት እያዳከመ ነው።

በአገራችን «እኛም አለን» የሚሉ አሉ። ጭቁኝና አሪቲ የዚያች የቻይና ቅጠል ዘመዶች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዘመድ መሆን አንድ መሆን አይደለም። መድኃኒቱ የሚወጣው አኑዋ ከምትባለው ዝርያ ነው። ሽታቸው ስለተቀራረበ ጭቁኝ አፍልቶ ለወባ የሚሰጥ ሰው ያለ መሣሪያ ወደ ጦርነት እንደላከው ይቁጠረው።

ፈውስ የተቀመጠባቸው ቦታዎች

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ (ሱ.ወ) ለበሽታ ፈውስ እንዳወረደና እንድንታከም አስተምረውናል። የዘመናችን የመድኃኒት ታሪክ ይህን የሚያጠናክር ነው። ፈውሱ ማንም ባልጠረጠረበት ቦታ ተቀምጦ ተገኝቷል።

ለጽኑ ሕመም የሚሰጠው ሞርፊን ከአደይ ኦፒየም ወተት የወጣ ነው። ለልብ ድካም የሚሰጠው ዲጎክሲን ፎክስግለቭ ከተባለች አበባ ይወጣል። ኪኒን የተገኘው በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከሚበቅል ዛፍ ልጥ ሲሆን በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ፈዋሹን ከልጡ ለይተው አወጡት። የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም ከሚውሉት ዋነኛ መድኃኒቶች አንዱ ቪንክሪስቲን የመጣው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ፔኒሲሊን በ1928 የተገኘው ከሻጋታ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውርነትን ለማጥፋት በየዓመቱ የሚታደለው ሜክቲዛን ደግሞ መነሻው በጃፓን ከአፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። ቅጠል፣ ልጥ፣ አበባ፣ ሻጋታ፣ አፈር! ሱብሓነላህ።

በተለይ ለስኳር ታማሚ ወንድሞችና እህቶች የምንነግራቸው አንድ ነገር አለ። አብዛኞቻችሁ የምትወስዱት ሜትፎርሚን ዝርያው ከዕፅ ነው። በአውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀች ጋሌጋ የምትባል ሐምራዊ አበባ ነበረች። በውስጧ ያለው ንጥረ ነገር የደም ስኳርን እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ነገር ግን መርዛም ነበር። ከብቶችን ሳይቀር ትመርዝ ነበር። ኬሚስቶች ለብዙ ዓመታት ደክመው የእርሷን ጥቅም የያዘ፣ ጉዳቷን ግን የቀነሰ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ሠሩ። ያ ነው ሜትፎርሚን። እንግዲህ «ኬሚካል ነው» ብሎ ሜትፎርሚኑን ጥሎ ስም የለሽ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው የተገራውን ዕፅ ትቶ ወዳልተገራው ዕፅ ተመለሰ ማለት ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው አባባልም ከእውነት የራቀ ነው። የዲጎክሲን ፈውስና መርዝ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። የራሳችን ኮሶ ትልን እንደሚያወጣ ማንም ያውቃል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ሳይቀር ገብቶ ነበር። ነገር ግን መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። አያቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ስንት እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን መጠጣት እንደሌለበት ይነገረው ነበር። የዛሬው የቴሌግራም ሻጭ ግን የታማሚውን ፊት እንኳ አላየውም።

የሙሕተሲቡ ውርስ

አንዳንድ ወንድሞቻችን ቁጥጥርና ምርመራ የምዕራባውያን ፈጠራ፣ ቅጠል መሸጥ ደግሞ የእስልምና ሕክምና አድርገው ሲያቀርቡት እንሰማለን። ታሪኩ ተቃራኒውን ይናገራል።

አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒት ቅመማ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። በማላጋ ተወልደው በ1248 ደማስቆ ላይ ያረፉት ኢብኑል በይጧር ከአንዳሉስ እስከ ሻም እየዞሩ ዕፅዋትን በዓይናቸው አይተው 1,400 ያህል የመድኃኒትና የምግብ ዓይነቶችን በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ። ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት የጻፉትን ሲጠቅሱ ከማን እንዳገኙት ይናገራሉ፤ ስሕተት ሲያገኙም ያርማሉ። «ሰምቼ ነው» ብለው አላለፉም።

ገበያውም ባለቤት አልባ አልነበረም። በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች በጻፉት መመሪያ ውስጥ ስለ ሽሮፕ ሠሪዎችና ስለ ቅመም ነጋዴዎች የተለየ ምዕራፍ አለ። ኦፒየምና ሌሎች ውድ መድኃኒቶች በምን በምን እንደሚቀየጡ፣ ቅየጣውም በምን ዘዴ እንደሚታወቅ ይዘረዝራል። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት መድኃኒት ላይ የሚያጭበረብር ነጋዴ ከሙሕተሲቡ ማምለጥ ይከብደው ነበር። ዛሬ በእኛ መስጊድ ደጃፍ ማንም አይጠይቀውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሐዲሱ አለ። የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ዷሚን፣ ማለትም ኃላፊና ከፋይ እንደሚሆን ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተዘግቧል። ዑለማዎች ይህን መሠረት አድርገው ሕግ አውጥተዋል። እንግዲህ ሐዲስ የተለጠፈበትን ጠርሙስ የሚሸጠው ወንድም ይህኛውን ሐዲስ ለምን አብሮ አይለጥፈውም?

ስለ ጥቁር አዝሙድም እንናገር። ሐበቱ ሰውዳእ በሐዲስ የተወደሰች መሆኗን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። በዘመናችን በተደረጉ ጥናቶችም በደም ስኳርና በደም ስብ ላይ መጠነኛ ጠቃሚ ውጤት አሳይታለች። ነገር ግን ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት ታማሚዎቹ መደበኛ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነው። ሰፊ ከሆኑት የሐዲስ ሊቃውንት ማብራሪያዎች ውስጥም አገላለጹ ጠቅላላ ቢሆንም የተፈለገው እርሷ የምትስማማቸው በሽታዎች ናቸው ያሉ አሉ። ማንም ዓሊም ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ልጅ ኢንሱሊኑን ቀምታችሁ አዝሙድ ስጡት አላለም። ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመርት ልጅ መርፌው ከተቋረጠበት በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። አዝሙዱን ከማር ጋር ብሉ፤ በረካ ያድርግላችሁ። መርፌውን ግን አታቁሙ።

ከአሳማ የሚመጡ መድኃኒቶችስ?

ሁለተኛው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ተፈጥሮ ስንል እንስሳትም ይገባሉና። እዚህ ላይ ግን ብዙ ያረጀ ወሬ ስለሚዘዋወር አንድ በአንድ እንየው።

ኢንሱሊን በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ በካናዳ ቶሮንቶ ከተሰጠ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። በ1982 ግን የሰው ኢንሱሊን ዘረመል በባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ የተመረተው ኢንሱሊን ፈቃድ አገኘ። ዛሬ በፋርማሲ የምናገኘው ኢንሱሊን በአብዛኛው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የሚመረት ነው። ስለዚህ «ኢንሱሊን አሳማ ነው» ብሎ መርፌውን የሚያስቆም ሰው ከ40 ዓመት በፊት የነበረን ነገር እየተናገረ ነው።

ሄፓሪን ግን የተለየ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ይህ መድኃኒት በልብ ቀዶ ሕክምና፣ በኩላሊት እጥበትና በእግር ደም ሥር መርጋት ጊዜ ይሰጣል። ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ነው። ከእርሱ የሚሠራው ኢኖክሳፓሪንም እንዲሁ። በአንዳንድ አገሮች ከከብት የሚወጣ አለ፤ ፎንዳፓሪኑክስ የተባለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ነው። በቃል የሚወሰዱ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎችም ከእንስሳ አይወጡም። ነገር ግን ሁሉም ለሁሉም በሽተኛ አይሆኑም፤ ዋጋቸውም ይለያያል።

ሸሪዓው በዚህ ላይ ዝም አላለም። ሐር ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ለዙበይርና ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) በሰውነት ማሳከክ ምክንያት ተፈቅዶላቸዋል። በሌላ በኩል አላህ ፈውሳችንን በከለከለን ነገር ውስጥ እንዳላደረገ የሚያስረዳ ዘገባም አለ። ዑለማዎች ሁለቱን አስታርቀው የአስገዳጅ ሁኔታ (ዶሩራ) መስፈርት አስቀምጠዋል። በዲሴምበር 2003 በመካ የተሰበሰበው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ምክር ቤት ሐላል አማራጭ በማይገኝበት ጊዜ በሄፓሪን መታከም እንደሚፈቀድ ወስኗል። ስለ ካፕሱል ጄላቲን ደግሞ ልዩነት አለ። በ1995 በኩዌት የተካሄደ የዑለማዎችና የሐኪሞች ጉባኤ ነገሩ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል (ኢስቲሓላ) በማለት ፈቅዶታል፤ ሌሎች ዑለማዎች ግን ከከብትና ከዕፅ የሚሠራ እስካለ ድረስ ከእርሱ መራቅ አለብን ይላሉ።

ለተራው አንባቢ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጠይቁ! «ይህ መድኃኒት ከምን የተሠራ ነው? ሌላ አማራጭ አለው?» ብሎ ሐኪምንና ፋርማሲስትን መጠየቅ መብታችሁ ነው። አማራጭ ካለ ውሰዱ። ከሌለ ደግሞ ነፍስን ማትረፍ ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ መሆኑን አስታውሱ። ሳይጠይቁ ማቋረጥ ግን ወረዕ አይደለም። በሰውነት አማና ላይ መቀለድ ነው።

ዕፅዋታችን የማን ናቸው?

ሦስተኛው ቁጭት መሠረት አለው። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታዩ ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዚያ በሽታ ተሸካሚዎች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ነገሩን ተከታትለው እንዶድ በሽታውን ከምንጩ መቆጣጠሪያ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ያም ሆኖ የአፍሪካ ምርምር በውጭ ቤተ ሙከራ ካልተደገመ አይታመንም በሚል አመለካከት ለረጅም ዓመታት ሲንገላታ ኖረ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በ1990ዎቹ ግን እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን ለመግደል የሚያስችለው ዘዴ ፓተንት የተመዘገበው በአሜሪካ በሚገኘው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። በአድዋ ወንዝ ዳር ያሉት እናቶች በዚያ ወረቀት ላይ አልነበሩም።

ዛሬ ሁኔታው በመጠኑ ተለውጧል። ኢትዮጵያ የዘረመል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482 በ2006 አውጥታለች። በሜይ 24/2024 ደግሞ በጄኔቫ የዓለም የአዕምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች አዲስ ስምምነት አጽድቀዋል። በዚህ ስምምነት መሠረት በዕፅዋት ወይም በባሕላዊ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ዕፁ ከየትኛው አገር፣ ዕውቀቱም ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደመጣ መግለጽ ይኖርበታል። ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው 15 አገሮች ሲያጸድቁት ነው።

ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው የታወቀን ነገር ነው። በወሎ፣ በሐረር፣ በባሌና በጅማ በሸይኾቻችንና በአዛውንቶቻችን ልብ ውስጥ ያለው ዕውቀት ካልተጻፈ፣ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ዛፉም እየተቆረጠ ነው። ልጡ የሚፈለግ ዛፍ ዙሪያውን ከተላጠ ይደርቃል፤ ሥሩ የሚፈለግ ተክል ከተነቀለ አይመለስም። ከደኑ የሚሰበስብ እንጂ የሚተክል ጠፍቷል። ፈረንጅ ወሰደብን እያልን በገዛ እጃችን እየጨረስነው መሆኑንም እንወቅ። «የባሕል መድኃኒት» በሚል ስም ማንም ያልፈተነውን የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ የእውነተኛውን የባሕል ዐዋቂ ክብር ያረክሳሉ። የሚጎዳው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ የሚታመነው ዐዋቂም ነው።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ኃላፊነት የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ነው። የመስጊድ ደጃፍ ለሰው እምነት ይሰጣል። «መስጊድ በር ላይ ገዛሁት» ማለት በብዙ እናቶች ዘንድ «ተረጋግጧል» ማለት ነው። ማርና ሚስዋክ ይሸጥ፤ በሽታ እየጠራ ስም የለሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ግን በግቢው አካባቢ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። የሙሕተሲብ ሥራ ይህ ነው።

ሁለተኛው የኢማሞችና የዱዓቶች ነው። በኹጥባ ላይ ስለ ጥቁር አዝሙድ ስትናገሩ ስለ ዷሚኑ ሐዲስም ተናገሩ። ሩቅያ የሚያደርግ ወንድም በሽተኛውን «ሐኪም ያዘዘልህን ቀጥል» ብሎ ቢጀምር ሩቅያው አይቀንስም። በወባ ወቅት ደግሞ «ትኩሳት ያለበት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይድረስ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሶላት በኋላ መናገር ነፍስ ታተርፋለች።

ሦስተኛው በመካከላችን ያሉ ሙስሊም ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ነው። ሕዝባችን ወደ ጠርሙስ ሻጩ የሚሄደው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። ሻጩ በቋንቋው ያናግረዋል፤ ጊዜ ይሰጠዋል፤ «አብሽር» ይለዋል። በሐኪም ቤት ግን ሦስት ደቂቃ አግኝቶ፣ ያልገባውን ወረቀት ይዞ ይወጣል። መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ፣ ለምን በቀን ሁለቴ እንደሚወሰድ፣ ሐላል መሆን አለመሆኑን የሚያስረዳው ቢያገኝ ወደ ጠርሙሱ ባልሄደ ነበር።

አራተኛው የመንግሥት ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ መድኃኒት ገበያ ላይ እንዳይውል የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ቁጥጥሩ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ብቻ ተወስኖ በቲክቶክ ላይ ያለውን ገበያ ካላየ ግማሽ ቁጥጥር ነው። ከዚህ ጎን ለጎን እውነተኛ የባሕል ዐዋቂዎች መድኃኒታቸውን አምጥተው የሚያስፈትኑበት፣ ሲሳካም ስማቸውና ድርሻቸው የሚጠበቅበት ግልጽ በር ሊከፈት ይገባል። በሩ ከተዘጋ ዕውቀቱ ወይ ይጠፋል ወይ ወደ ጨለማ ገበያ ይሄዳል።

አምስተኛው የእያንዳንዳችን ነው። የባሕል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አትደብቁ። አንዳንድ ዕፅ ከሐኪም መድኃኒት ጋር ተገናኝቶ ደምን ያቀጥናል፣ ስኳርን ከልክ በላይ ያወርዳል። ነፍሰ ጡር እናትና ሕፃን ላይ ምንም አትሞክሩ። አንድ ጠርሙስ አሥር በሽታ ይፈውሳል የሚላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ብታመም ወይም ልጄ ቢሞት የት አገኝሃለሁ?»

አላህ (ሱ.ወ) ፈውሱን በምድሩ ላይ በትኖ ለእኛ ዐቅል ሰጥቶናል። ቅጠሉም የእርሱ ነው፤ ቅጠሉን የሚመዝነው አዕምሮም የእርሱ ስጦታ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ለሁለቱም ውለታ ቢስ መሆን ነው። አላህ የታመሙትን ወገኖቻችንን ይማርልን፤ የሞቱትን ይዘንላቸው፤ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።